ኤሊኖር ኦስትሮም፦ የወል ሀብት ተመራማሪዋ

የወል ግጦሽ፣ ደን ወይም የመስኖ ውኃ ባለበት ቀበሌ ሁሉ አንድ ጥያቄ አይጠፋም። ሀብቱን ማን ይጠብቀው? መንግሥት፣ ባለሀብት ወይስ ተጠቃሚው ራሱ? ዕድሜያቸውን ሙሉ ይህን ጥያቄ ሲያጠኑ የኖሩት አሜሪካዊቷ ምሁር ኤሊኖር ኦስትሮም ናቸው። የዛሬው ዝግጅታችን ሕይወታቸውንና ሥራቸውን ያስቃኛል።

ኤሊኖር የተወለዱት እ.ኤ.አ ኦገስት 7 ቀን 1933 በሎስ አንጀለስ ከተማ ነው። ወላጆቻቸው በልጅነታቸው ስለተለያዩ በአብዛኛው ያደጉት ከእናታቸው ጋር ነው። ኑሮ የከበደበት ዘመን ስለነበር ቤተሰቡ በጓሮው አትክልት እያለማ ይመገብ ነበር። እናታቸው የልጃቸው ኮሌጅ መግባት አስፈላጊ ሆኖ ስላልታያቸው ኤሊኖር እየሠሩ ራሳቸውን አስተማሩ። እ.ኤ.አ በ1954 ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በፖለቲካ ሳይንስ ተመረቁ። ዶክትሬታቸውን በኢኮኖሚክስ ለመሥራት ቢጠይቁም በቂ ሒሳብ አልተማሩም ተብለው ተከለከሉ። ሒሳቡን ያልተማሩት ግን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሴት ልጅ ከፍ ያለ ሒሳብ እንድትማር ስላልተበረታታች ነበር።

ለዶክትሬት ጥናታቸው የመረጡት በዚያው በሎስ አንጀለስ አካባቢ የሚገኝ የከርሰ ምድር ውኃ ነው። ከተሞች፣ ፋብሪካዎችና ሌሎች ተጠቃሚዎች ጉድጓድ እየቆፈሩ ያለ ልክ ሲስቡ ውኃው ወረደ፤ የባሕር ጨዋማ ውኃም ወደ ጉድጓዶቹ መግባት ጀመረ። ተጠቃሚዎቹ ማኅበር መሥርተው፣ ውኃውን አስለክተው፣ እያንዳንዱ የሚቀንሰውን መጠን ተስማምተው በፍርድ ቤት አጸደቁት። ኤሊኖር ይህን ሒደት ተከታትለው ጻፉ፤ ዶክትሬታቸውንም እ.ኤ.አ በ1965 አገኙ።

በዚያው ዓመት ከባለቤታቸው ከፕሮፌሰር ቪንሰንት ኦስትሮም ጋር ወደ ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ተዛወሩ። እ.ኤ.አ በ1973 ሁለቱ አንድ የምርምር ማዕከል አቋቋሙ፤ ስሙንም ዎርክሾፕ አሉት። ባልና ሚስቱ ከአንድ አናጺ ጋር የቤት ዕቃ ይሠሩ ስለነበር ምርምርም እንደ እጅ ሙያ ተማሪና መምህር አብረው እየሠሩ የሚማሩት እንዲሆን ፈልገው ነው።

በዚያ ዘመን በምሁራን ዘንድ የገነነው የጋሬት ሃርዲን አስተሳሰብ ነበር። ሃርዲን እ.ኤ.አ በ1968 ባሳተመው ጽሑፍ የወል ግጦሽ ላይ እያንዳንዱ አርቢ ከብቱን እያበዛ ስለሚሄድ መጨረሻው የሁሉም ጥፋት ነው ሲል ተከራከረ። ከዚህ በመነሣት መፍትሔው ወይ መሬቱን ለግለሰብ መስጠት ወይ በመንግሥት ሥር ማድረግ ነው የሚለው እምነት ተስፋፋ። ኤሊኖር ግን ገበሬዎች በተግባር ምን እንደሚያደርጉ ማየትን መረጡ።

ካገኟቸው ማስረጃዎች አንዱ ቶርበል የተባለችው የስዊዘርላንድ ተራራማ መንደር ናት። በመንደሯ እ.ኤ.አ በ1517 በወጣው ደንብ መሠረት ማንም ሰው በክረምት በራሱ መኖ ሊመግባቸው ከሚችላቸው ላሞች በላይ ወደ ወሉ ግጦሽ መላክ አይችልም። ደንቡን የጣሰ ይቀጣል፤ ተቆጣጣሪውም ከቅጣቱ ግማሹን ይወስዳል። ግጦሹም ለዘመናት ሳይጠፋ ኖሯል።

ሌላው ትልቅ ትምህርት የተገኘው ከኔፓል ነው። ኤሊኖርና ባልደረቦቻቸው ከመቶ በላይ የመስኖ አውታሮችን አነጻጸሩ። ገበሬው ራሱ በድንጋይና በእንጨት የሠራቸውና የሚያስተዳድራቸው አውታሮች መንግሥት ከሚያስተዳድራቸው በአብዛኛው የተሻለ ምርት ይሰጡ ነበር፤ ውኃውም እስከ ቦዩ መጨረሻ ይደርስ ነበር። ምክንያቱ እንዲህ ነው። የባህላዊው ጠለፋ በየዓመቱ ስለሚፈርስ የላይኞቹ ገበሬዎች ለጥገናው የታችኞቹን ጉልበት ይፈልጋሉ፤ ስለዚህ ውኃ አይነፍጓቸውም። የሲሚንቶ ግድብ ሲሠራ ግን ይህ መፈላለግ ይቀራል። የውኃ ክፍፍሉ አስቀድሞ ካልተመከረበት የታችኞቹ ይጎዳሉ።

ኤሊኖር እ.ኤ.አ በ1990 ባሳተሙት መጽሐፍ ዘልቀው በኖሩ የወል ሀብት አስተዳደሮች ላይ የሚታዩ 8 መርሆዎችን ዘርዝረዋል። ከእነዚህ መካከል የሀብቱ ወሰንና ተጠቃሚው መታወቁ፣ ደንቡ ከአካባቢው ጋር መስማማቱ፣ በደንቡ ላይ ተጠቃሚው መወሰኑ፣ ጠባቂው ለተጠቃሚው ተጠሪ መሆኑ፣ ቅጣቱ ከቀላል ጀምሮ ደረጃ በደረጃ መክበዱ፣ ጠብ በቅርብና በትንሽ ወጪ መዳኘቱ እንዲሁም መንግሥት የሕዝቡን የመደራጀት መብት ማክበሩ ይገኙበታል።

የኛ አገር ገበሬ ይህን ሲሰማ አዲስ አይሆንበትም። በሰሜን ሸዋ መንዝ የጓሳ ሣር ለዘመናት በቀሮ ሥርዓት ተጠብቆ ኖሯል። ቦታው ከ3 እስከ 5 ዓመት ይዘጋል፤ ሲከፈት ሁሉም በደንቡ መሠረት ያጭዳል። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ቢዳከምም ኅብረተሰቡ በአዲስ መልክ ተደራጅቶ ጥበቃውን ቀጥሏል። በየመስኖው ያሉት የውኃ አባቶችም የዚሁ ዕውቀት ባለቤቶች ናቸው።

ኤሊኖር ግን ሕዝብ ሁልጊዜ ይሳካለታል አላሉም። የፈረሱ አስተዳደሮችንም አጥንተዋል፤ ለሁሉም ቦታ የሚሆን አንድ መድኃኒት እንደሌለ ደጋግመው አስተምረዋል።

እ.ኤ.አ በ2009 ከኦሊቨር ዊሊያምሰን ጋር የኖቤል ሽልማት ሲቀበሉ በኢኮኖሚ ሳይንስ ዘርፍ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። ወጣት ሳሉ የተከለከሉት በዚሁ ዘርፍ እንዳይማሩ ነበር። የደረሳቸውን ገንዘብ ለምርምር ሥራው አበረከቱ። እ.ኤ.አ ጁን 12 ቀን 2012 በካንሰር ሕመም ሲያርፉ ባለቤታቸውም በዚያው ወር ተከተሏቸው። ማዕከሉ ዛሬ በሁለቱ ስም ይጠራል።

የኤሊኖር ሥራ ለወረዳ አመራርና ባለሙያ አንድ ጥያቄ ትቶ አልፏል። አዲስ ጠለፋ ከመገንባቱ ወይም የወል መሬት ከመከፋፈሉ በፊት በቦታው ቀድሞ የነበረው ደንብ ምን እንደሆነና ማን ይጠብቀው እንደነበር ተጠይቋል? ደንብ በአንድ ቀን ስብሰባ ሊፈርስ ይችላል፤ መልሶ ለማቆም ግን የሰው ዕድሜ ይጠይቃል።