በግራ እግሩ የጻፈው ክሪስቲ ብራውን

በዚህ እትም የታዋቂ ሰዎች ገጽ ተራው የእኔ ነው። ብዙ ካሰብኩ በኋላ አንድ የአየርላንድ ሰው መረጥኩ። ሯጭ አይደለም፤ ንጉሥም አይደለም። እጆቹ የማይታዘዙለት፣ ሲናገርም ንግግሩ ለሰው ቶሎ የማይገባ ደራሲና ሰዓሊ ነበር። ስሙ ክሪስቲ ብራውን ይባላል። ለምን እሱን እንደመረጥኩ በኋላ እነግራችኋለሁ፤ አሁን ታሪኩን ላጫውታችሁ።

ክሪስቲ የተወለደው እ.ኤ.አ. ጁን 5 ቀን 1932 በአየርላንድ ዋና ከተማ በደብሊን ነው። በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 28 ቀን 1924 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ ያኔ ጣሊያን አገራችንን ገና አልወረረም ነበር። አባቱ ፓትሪክ ግንበኛ ነበር። እናቱ ብሪጅት 22 ልጆች ወልዳ 13ቱ አደጉላት። እስቲ አስቡት፣ በግንበኛ ገቢ ይህን ሁሉ ልጅ ማብላት ቀላል ነው እንዴ?

ሕፃኑ 4 ወር ሲሞላው እናቱ አንድ ነገር አስተዋለች። ስትመግበው ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ይወድቃል፤ ቀና ብታደርገውም ተመልሶ ይወድቃል። ሐኪም ቤት ወሰደችው። ብዙ ሐኪሞች አዩትና ተስፋ የለውም፣ አእምሮውም አይሠራም አሏት። ወዳጅ ዘመዱም ብትተወው ይሻላል እያለ መከራት። እሷ ግን እምቢ አለች። ሰውነቱ ባይታዘዝለትም ውስጡ የሚያስብ ልጅ አለ ብላ አመነች። ከሌሎቹ ልጆቿ ሳትለየው አሳደገችው።

ክሪስቲ የነበረበት ችግር ሴሬብራል ፓልሲ ይባላል። ስሙ ከበድ ይላል እንጂ ነገሩ ግልጽ ነው። እጃችንን ለማንሳት ስንፈልግ ትእዛዙ የሚወጣው ከአንጎላችን ነው። ጡንቻን የሚያዘው የአንጎል ክፍል ከተጎዳ እጅና እግር ይደርቃሉ ወይም ያለ ፈቃድ ይንቀጠቀጣሉ፤ ምላስም ይተሳሰራል። ጉዳቱ የሚደርሰው ልጁ ከመወለዱ በፊት፣ በምጥ ጊዜ ወይም ከተወለደ በኋላ ገና ሕፃን ሳለ ነው። አየር ካጠረው፣ ያለ ጊዜው ከተወለደ ወይም በሕፃንነቱ ማጅራት ገትር ከያዘው ሊደርስበት ይችላል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ እርግማንም አይደለም። አንዳንዱ ልጅ ትምህርት ይከብደዋል፤ የሌላው አእምሮ ግን እንደማንኛችንም ነው። ይህን ደግሞ የልጁን እጅና እግር በማየት ብቻ ማወቅ አይቻልም። የክሪስቲ ሐኪሞች የተሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው።

ክሪስቲ 5 ዓመት ሲሆነው፣ በአንድ የብርድ ቀን፣ እህቱ ሞናና ወንድሙ ፓዲ በቢጫ ጠመኔ ሂሳብ ይሠሩ ነበር። እሱ እንደ ልማዱ አጠገባቸው ወለሉ ላይ ተቀምጧል። ድንገት ግራ እግሩን ዘረጋና በጣቶቹ ጠመኔውን ከእህቱ እጅ ነጠቀ! ቤቱ በሙሉ ጸጥ አለ። እናቱ ተንበርክካ ኤ የምትባለውን የእንግሊዝኛ ፊደል ወለሉ ላይ ጻፈችለትና አንተም ጻፍ አለችው። ሞከረ፣ አቃተው። ደግሞ ሞከረ፣ ጠመኔው ተሰበረ። ሊተወው ሲል እናቱ እጇን ትከሻው ላይ አሳረፈች። እንደገና ሞከረና ጎኗ የተጣመመች አንዲት ኤ ጻፈ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊደሉን አንድ በአንድ አስተማረችው። ሌሎች ልጆች ትምህርት ቤት ሲሄዱ የእሱ ትምህርት ቤት የእናቱ ወጥ ቤት ነበር።

ወንድሞቹም ቤት ጥለውት አይወጡም፤ በትንሽ ጋሪ ጭነው እየገፉ ይዘውት ይጫወቱ ነበር። 10 ዓመት ገደማ ሲሆነው ጋሪው ተሰበረ። ያኔ ክሪስቲ ከሌሎች ልጆች የተለየ መሆኑን አወቀና በጣም አዘነ። የዚያን ዓመት ለገና ፓዲ የውሃ ቀለም ተሰጠው፤ ለእሱ ደግሞ የአሻንጉሊት ወታደሮች። ተለዋወጡ! ክሪስቲ ብሩሹን በእግር ጣቱ ይዞ መሳል ጀመረ። በ12 ዓመቱም አንድ የአገሩ ጋዜጣ ባዘጋጀው የልጆች የሥዕል ውድድር አሸነፈ።

ወጣት ሲሆን የሕፃናት ሐኪም የሆኑት ዶክተር ሮበርት ኮሊስ አገኙት። ለንደን ያለች አንዲት ባለሙያ ሰውነቱ እንዲስተካከል በግራ እግሩ መጠቀሙን እንዲተው ነገረችው። በዓለም ላይ ያለውን አንድ ብዕር ተው ማለት እኮ ነው! ያም ሆኖ የሰውነት እንቅስቃሴ ልምምዱን ጀመረ። ሲያስብ የዋለውን ደግሞ እሱ እየተናገረ ወንድሙ ይጽፍለት ነበር። መጀመሪያ የጻፈው ረጃጅምና ከባድ ቃላት የታጨቁበት ነበር። ዶክተሩ ደራሲም ስለነበሩ ቀለል አድርጎ እንዲጽፍ አስተማሩት። የአማርኛ መምህራችን ይህን ሲያነቡ ሳይስቁ አይቀሩም።

እናቱ ለብቻው የሚጽፍበት ክፍል ፈለገች። አባቱ አይሆንም ሲል እሷ ራሷ ጓሮ ወጥታ ጡብ መደርደር ጀመረች። ግንበኛው ባሏ የተንጋደደውን ግንብ ሲያይ አላስችል አለው፤ ከልጆቹ ጋር ሆኖ ጨረሰው። እ.ኤ.አ. በ1954፣ ክሪስቲ የ22 ዓመት ወጣት ሳለ፣ የግራ እግሬ የተባለው የሕይወት ታሪኩ ታተመ። በኋላ ግን ወደ ግራ እግሩ ተመለሰ፤ በእግር ጣቱ ታይፕ እየመታ የጻፈው ልብ ወለድ በ1970 ወጥቶ በብዙ ቋንቋዎች ተተረጎመ። ግጥምም አሳትሟል። በ1972 አገባ። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 7 ቀን 1981 በ49 ዓመቱ እንግሊዝ ውስጥ አረፈ፤ የተቀበረው በደብሊን ነው። በ1989 ሕይወቱ ፊልም ሆነ፤ እሱንና እናቱን ሆነው የተጫወቱት ሁለቱ ተዋናዮች ኦስካር ተሸለሙበት።

አሁን ለምን እንደመረጥኩት ልንገራችሁ። እዚህ ነገሌ ቦረናም ሆነ በሻኪሶ፣ በያቤሎና በሞያሌ እንደ ክሪስቲ ያሉ ልጆች አሉ። አንዳንዶቹ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ይገባሉ፤ እኛ ደብተራችንን ይዘን ስናልፍ በበር ቀዳዳ ያዩናል። አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። ስለዚህ የመማር መብታቸው የታወቀ ነው። ግን ወረቀት ብቻውን ልጁን ከጓዳ አያወጣውም። ክሪስቲን ያወጡት እናት፣ ጋሪ የሚገፉ ወንድሞችና አንድ ጠመኔ ናቸው።

ሁሉም ደራሲ ይሆናል ማለቴ አይደለም። እኛስ ሁላችን ደራሲ እንሆናለን እንዴ? ግን እንደ እኛ ሰው ሊያጫውተው፣ ሊያስተምረው ይገባል። ስለዚህ ጎረቤታችሁ እንደዚህ ያለ ልጅ ካለ፣ ስትጫወቱ ጥሩት። አጠገቡ ተቀመጡና በኦሮምኛም፣ በሶማሊኛም፣ በአማርኛም አናግሩት። መልሱ ቢዘገይም ጠብቁት። ለመምህራችሁም ንገሩ። ጠመኔውን በየትኛው እጁ ወይም እግሩ እንደሚይዘው ማን ያውቃል?

በሚቀጥለው እትም በሌላ ሰው ታሪክ እስክንገናኝ ቸር እንሰንብት!