የአቶ በዓሉ ግርማ የሕይወት ታሪክ ባጭሩ

የዚህ የመታሰቢያ መጽሔት አዘጋጆች የጽሑፉን ሥራ ለየክፍሉ ሲያድሉ፥ ለእኛ ክፍል የደረሰው በቴሌቪዥንና በጋዜጣ ሥራ ላይ ታላቅ ኀላፊ ሆኖ ያለፈ የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ነው። እኛም በመጀመሪያ ሐሳባችንን ወደ ውጭ አገር ሰደድነው፤ ስለ እንግሊዝና ስለ አሜሪካ የቴሌቪዥን ሹማምንት ለመጻፍ ፈልገን ነበር። በኋላ ግን ስለ አቶ በዓሉ ግርማ ስንጠያይቅ፥ ሰውየው የተማሩት እኛ ጧትና ማታ በአጥሩ ሥር በምናልፍበት በጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት መሆኑን ሰማን። ስለዚህ ከጳውሎስ ሰፈር ሳንወጣ የምንጽፈው ነገር ተገኘ።

አቶ በዓሉ ግርማ በኢሉባቦር ጠቅላይ ግዛት ሱጴ በምትባል ስፍራ፥ በ1930ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ተወለዱ። አባታቸው ከህንድ አገር የመጡ ነጋዴ ሲሆኑ እናታቸው ኢትዮጵያዊት ነበሩ። በልጅነታቸው ወደ አዲስ አበባ መጥተው በልዕልት ዘነበ ወርቅ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን ፈጸሙ። ከዚያም ወደ ጄኔራል ዊንጌት ገቡ። ይህ ትምህርት ቤት በ1938 ዓ.ም. የተከፈተ ነው። ስሙንም የወሰደው ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ሲመለሱ አብሮ ከዘመተው ከእንግሊዛዊው የጦር መሪ ከኦርድ ዊንጌት ነው። በዚያን ዘመን ተማሪው በጉብዝናው እየተመረጠ የሚገባበት አዳሪ ትምህርት ቤት ነበር፤ ከመምህራኑም ብዙዎቹ እንግሊዛውያን ነበሩ። ዛሬ በግቢው የሚሰጠው የቴክኒክና የሙያ ትምህርት ነው። ስሙ ግን ከትምህርት ቤቱም አልፎ የሰፈርና የታክሲ ፌርማታ ስም ሆኗል። ከእኛም መካከል አንዳንዶቹ ዊንጌት የሰው ስም መሆኑን ያወቁት ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ ነው፤ ቢያሳፍርም እንናገረዋለን።

ከዊንጌት በኋላ አቶ በዓሉ በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገብተው የፖለቲካ ሳይንስ ተማሩ። የጋዜጣን ሥራ ጣዕም የቀመሱት በዚሁ ኮሌጅ የተማሪዎችን ጋዜጣ በማዘጋጀት ነው። ወደ አሜሪካም ተሻግረው በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ በፖለቲካ ሳይንስና በጋዜጠኝነት የማስተርስ ዲግሪ ተቀበሉ።

ወደ አገራቸው ሲመለሱ የተሰማሩት በማስታወቂያ ሚኒስቴር ነው። መነን የተባለውን መጽሔት፥ በእንግሊዝኛ ይታተም የነበረውን አዲስ ሪፖርተርን፥ ኢትዮጵያን ሄራልድን፥ በመጨረሻም አዲስ ዘመንን በዋና አዘጋጅነት መሩ። በአማርኛም በእንግሊዝኛም እኩል የሚጽፍ ሰው በዚያን ጊዜ ብዙ አልነበረም። እርሳቸው ግን ቀን የመንግሥቱን ጋዜጣ ሲያዘጋጁ ይውሉና የራሳቸውን ልብ ወለድ ደግሞ በትርፍ ሰዓታቸው ይጽፉ ነበር። የመጀመሪያው መጽሐፋቸው ከአድማስ ባሻገር በ1962 ዓ.ም. ታተመ። በመጽሐፉ ውስጥ አበራ ወርቁ የሚባል የመንግሥት ሠራተኛ አለ፤ ልቡ ወደ ሥዕል ያደላል፥ እግሩ ግን ከቢሮው አልወጣለትም። ይህን ስናነብ ደራሲው ስለ ራሳቸውም ጥቂት የነገሩን መሰለን። ምናልባት እንሳሳት ይሆናል።

እዚህ ላይ ስለ ቴሌቪዥን ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በአገራችን ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ዕለት ነው። ቶምሰን የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በመሣሪያና በባለሙያ ረድቶ ነበር፤ ስቱዲዮውም የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ተደራጀ። ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ ሲሆን፥ ሥርጭቱ ከከተማዋና ከአካባቢዋ የማያልፍ፥ መሣሪያውም ያላቸው ሰዎች ጥቂት ነበሩ። ስለዚህ ብዙ ሰው እንደ መኳንንት ጌጥ ይቆጥረው ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ነገር ግን የዚህ ጌጥ ኀይል መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ታየ። በዚያች ሌሊት ደርግ፥ ጆናታን ዲምቢልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ስለ ወሎ ረሀብ ያነሣውን ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ሥዕል ጋር እያፈራረቀ ለሕዝብ አሳየ። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። መንግሥትን ያወረደው አንድ ፊልም ነው አንልም፤ ደርግ ግን ቴሌቪዥን ምን እንደሚሠራለት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተረዳ መሆኑን እንረዳለን።

አቶ በዓሉ በዚህ በአዲሱ መንግሥት በኢትዮጵያ ዜና አገልግሎት በኀላፊነት ከሠሩ በኋላ፥ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪ ሆነው ተሾሙ። ይህ ሥልጣን ከሚኒስትሩ ቀጥሎ ያለ ነው። ሬዲዮው፥ ቴሌቪዥኑ፥ ጋዜጦቹና የዜና አገልግሎቱ በሙሉ በዚህ መሥሪያ ቤት ሥር ስለ ነበሩ፥ ሕዝቡ ማታ ማታ በቴሌቪዥን የሚያየውና ጧት ጧት በጋዜጣ የሚያነበው ነገር በእርሳቸው ኀላፊነት ሥር ያልፍ ነበር። የሚነገረውም መንግሥት የፈቀደው ብቻ ነበር። በዚህ ነገር እኛ በክፍል ውስጥ ብዙ ተከራክረናል። ግማሾቻችን፥ እንዲህ ያለ ሥራ ለዓመታት የሠራ ሰው ከወቀሳ ነጻ ሊሆን አይችልም አልን፤ ግማሾቻችን ደግሞ ሌላ የጋዜጣ ሥራ በአገሩ አልነበረም ብለን መለስን። በ1972 ዓ.ም. የወጣው የቀይ ኮከብ ጥሪ የተባለው መጽሐፋቸው አብዮቱን በተስፋ የሚመለከት ስለ ሆነ፥ በግድ ብቻ ሠሩ ለማለት አያስደፍርም። ክርክሩ አላለቀም።

በዚያው ዓመት ደራሲው የተባለውን፥ በ1975 ዓ.ም. ደግሞ ሐዲስን አሳተሙ። ሐዲስ ወደ ትውልድ አገራቸው ወደ ኢሉባቦር የሚመልሰን መጽሐፍ ነው፤ የአንድ ወጣት መምህር ታሪክ ስለ ሆነ በእኛ በተማሪዎች ዘንድ በጣም ይወደዳል።

በ1974 ዓ.ም. መንግሥት በኤርትራ የነበረውን ጦርነት ለመጨረስ ቀይ ኮከብ የተባለውን ሁለገብ አብዮታዊ ዘመቻ በአስመራ አወጀ። ርእሰ ብሔሩና ሹማምንቱ ወደ አስመራ ተጓዙ፤ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶችም ሥራቸውን ለጊዜው ወደዚያ አዛወሩ። አቶ በዓሉም ለዘመቻው የማስታወቂያ ሥራ ወደ አስመራ ሄዱ። የታዘዙት ድሉን እንዲያበሥሩ ነበር። የናቅፋ ተራሮች ግን አልተያዙም፤ ከሁለቱም ወገን ያለቀው ወጣት እጅግ ብዙ ነው።

ከዚያ የተመለሱት ኦሮማይን ይዘው ነው። ቃሉ ከጣልያንኛ ወደ አስመራ ሰዎች አፍ የገባ ሲሆን፥ ከእንግዲህ አበቃ፥ ከንቱ ነው እንደ ማለት ነው። የታሪኩ ባለቤት ጸጋዬ ኃይለ ማርያም የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ነው። ከዘመቻው ጋር ወደ አስመራ ይሄዳል፤ በዚያም ከፊያሜታ ጊላይ ጋር በፍቅር ይወድቃል፤ በኋላም ጦሩን ተከትሎ እስከ ናቅፋ ይዘልቃል። በካሜራው የሚያነሣውና በዓይኑ የሚያየው እየተለያየ መሄዱን አንባቢው ገጽ በገጽ ይከታተላል። ሹማምንቱ በሌላ ስም ቢጠሩም ማን ማን እንደ ሆኑ የሚያውቋቸው ሁሉ አወቁ። አንዳንዶቻችን መጽሐፉን ያነበብነው ለፍቅሩ ታሪክ ብለን ነው፤ ስንጨርሰው ግን ያወራነው ስለ ጦርነቱ ነበር።

ኦሮማይ በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ታትሞ ለገበያ ዋለ። ኩራዝ የመንግሥት ድርጅት መሆኑን ልብ ይሏል። መጽሐፉ በሽያጭ ላይ ብዙ ሳይቈይ ታገደ፤ በየመደብሩ የቀረውም ተሰበሰበ። ቀድሞ የገዛ ሰው በድብቅ እያዋሰ፥ ሌላውም በውድ ዋጋ እየገዛ ያነበው ጀመር። አቶ በዓሉም ከሥራቸው ተባረሩ። ለብዙ ዓመታት የአገሩን ወሬ ሁሉ ሲያሳልፉ የኖሩት ሰው ያለ ሥራ እቤታቸው ተቀመጡ።

የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ማታ በቮልስዋገን መኪናቸው ከቤታቸው ወጡ፤ አልተመለሱም። መኪናዋ ወደ ደብረ ዘይት በሚወስደው መንገድ በቃሊቲ በኩል ቆማ ተገኘች። ባለቤታቸውና ሦስት ልጆቻቸው ሲጠብቁ ኖሩ። ያጠፋቸው የደርግ መንግሥት መሆኑን የሚጠራጠር ሰው ጥቂት ነው፤ ነገር ግን መንግሥቱ በ1983 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላም ቢሆን መቃብራቸው አልተገኘም። በየቤተ ክርስቲያኑ አጸድ ዘመዶቻችን የተቀበሩበትን ሥፍራ ለምናውቅ ለእኛ፥ ይህ ከሁሉ የከበደን ክፍል ነው፤ እንዴት እንደምንጽፈውም ሦስት ጊዜ ጽፈን ሰረዝነው።

እርሳቸው በጠፉ በሰባተኛው ወር፥ የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ በተመሠረተበት በመስከረም 1977 ዓ.ም. በዓል፥ ቴሌቪዥናችን ባለ ቀለም ሥዕል ማሳየት ጀመረ። ወሎና ትግራይ ግን በረሀብ ላይ ነበሩ፤ በበዓሉ ሰሞን ይህ በቴሌቪዥን አልተነገረም። በጥቅምት ወር ሥዕሉን ለዓለም ያሳየው የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ነው።

መጽሐፎቻቸው ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ያለ ከልካይ እየታተሙ ይሸጣሉ። በ2017 ዓ.ም. ኦሮማይ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጕሞ በውጭ አገር ወጣ። እኛ ግን ያነበብነው አንዱ ጓደኛችን ከአጎቱ ያመጣውን፥ ሽፋኑ የተገነጠለና ጠርዙ በፕላስተር የተያያዘ ቅጂ ነው። ክፍሉ በሙሉ እየተቀባበለ አንብቦታል፤ አሁን ተራው የአሥራ አንደኛ ክፍል ነው።