ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፤ የድህነትን ምክንያት የመረመሩ ሰው

ዋና ከተማው ከሚሴ በሆነው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ውስጥ የምትገኘው ባቲ በሰኞ ገበያዋ የታወቀች ናት። ከደጋው እህል፣ ከቆላው ግመል፣ ፍየልና ጨው እየመጣ አማራው፣ ኦሮሞውና አፋሩ እየተገናኘ ይገበያይባታል። በ1977 ዓ.ም. ግን ይህችው የገበያ ከተማ ከየአካባቢው የፈለሰ ረሀብተኛ የሰፈረባት መጠለያ ሆነች። ገበያ ባለበት ረሀብ ለምን ይገባል የሚለው ጥያቄ ለኢኮኖሚ ባለሙያ የሚከብድ ጥያቄ ነው። የድህነትን ምክንያት በአማርኛ አስቀድመው ከመረመሩት አንዱና ምናልባትም ዋነኛው ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው።

ገብረ ሕይወት በ1878 ዓ.ም. በአድዋ አቅራቢያ ተወለዱ። አባታቸው የአፄ ዮሐንስ 4ኛ ሰው ነበሩ፤ በ1881 ዓ.ም. በመተማ ጦርነት ወደቁ። ወቅቱ ክፉ ቀን የተባለው ዘመን ነበር። የከብት በሽታ የእርሻውን በሬ ፈጅቶ ትግሬው፣ ወሎውና ሸዋው ተርቦአል። ገበሬው መሬቱን አላጣም፤ የሚያርስበትን በሬ ግን አጣ። ይህን ያየ ሕፃን አድጎ የሀብት ምንጭ መሬቱ ብቻ እንዳልሆነ ቢጽፍ የሚያስደንቅ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ያለው የልጅነት ታሪካቸው ልብ ወለድ ይመስላል። ወደ ምፅዋ አካባቢ ወርደው በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማሩ፤ ከዚያም በመርከብ ወደ አውሮጳ ተሻግረው በአንድ የኦስትሪያ ባለጸጋ ቤተሰብ ዘንድ አደጉ፤ በበርሊንም ሕክምና አጠኑ። ወደ አገራቸው ተመልሰው በአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት አገለገሉ። በ1901 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ሊያክም የመጣው ጀርመናዊ ሐኪም ያስነሣው ውዝግብ ግን እሳቸውንም ነክቶአቸው ከአገር ወጡ።

በዚህ የስደት ዘመን መጨረሻ ገደማ «አፄ ምኒልክና ኢትዮጵያ» የተሰኘው ጽሑፋቸው በአሥመራ ታተመ። በዚህ ጽሑፍ ግብሩ በሥርዓት እንዲወሰን፣ ሹሙ በደመወዝ እንዲኖር፣ ገንዘቡ አንድ እንዲሆንና ትምህርት እንዲስፋፋ ጠየቁ፤ የጃፓንንም አርአያነት አነሡ። ሐኪም ሊሆኑ የተማሩት ሰው የአገርን በሽታ ወደ መመርመር ዞሩ ማለት ይቻላል።

ዋናው ሥራቸው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ነው። የመጽሐፉ ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፤ ሀብት የሚገኘው ዕውቀት ከተጨመረበት ሥራ ነው። ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ዕውቀት ላለው ሕዝብ ይሠራል፤ ይህም የሚሆነው በጦር ተሸንፎ ብቻ ሳይሆን በንግድም ጭምር ነው። ኢትዮጵያዊው ብዙ ቀን የደከመበትን ቆዳና ቡና ሰጥቶ በመኪና በጥቂት ሰዓት የተሠራ ጨርቅ ይቀበላል። ልውውጡ በፈቃድ ስለሆነ ትክክል ይመስላል፤ የድካሙ ልክ ሲመዘን ግን እኩል አይደለም። ራውል ፕሬቢሽ ስለ ጥሬ ዕቃ ሻጭ አገሮች የጻፈው በ1942 ዓ.ም. ገደማ ነው። ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም፤ ፕሬቢሽ የዋጋውን አዝማሚያ ሲከተል ገብረ ሕይወት ከዕቃው በስተጀርባ ያለውን ድካም ይመዝናሉ።

የአገር ውስጡም እንቅፋት አላመለጣቸውም። ወታደርና ሹም የገበሬውን ትርፍ እንደፈለጉ በሚወስዱበት አገር ገበሬው አብዝቶ ለማምረት ምክንያት የለውም። በየመንገዱ ያለው ኬላም ነጋዴውን ያደኸያል። ይህን በአካባቢው ምሳሌ ለማየት፣ ከከሚሴ አጠገብ ካለው ከጨፋ ሜዳ እህል ጭኖ የተነሣ ነጋዴ በየኬላው ቀረጥ ቢከፍል፣ እህሉ በተመረተበት ረክሶ በጎደለበት ይወደዳል፤ ይባስም ብሎ ከነጭራሹ ሳይደርስ ይቀራል።

ድክመት አልነበራቸውም ማለት አይቻልም። በወገናቸው ልማድ ላይ የሚሰነዝሩት ነቀፌታ አንዳንዴ ከመጠን ያልፋል። ለውጡንም ከላይ፣ ከንጉሡ እጅ ጠበቁ፤ ገበሬውን ተበዳይ አድርገው አዩት እንጂ ለራሱ የሚሟገት አድርገው አላዩትም።

ወደ ሥልጣን ያቀረባቸው በ1909 ዓ.ም. የሆነው የመንግሥት ለውጥ ነው። መጀመሪያ የባቡር ሐዲዱ ተቆጣጣሪ፣ ቀጥሎ የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆኑ። ስለ ቀረጥ የጻፉት ሰው የአገሪቱ የውጭ ንግድ በሚያልፍበት በዋናው የባቡር በር ቀረጥ እንዲሰበስቡ ተሾሙ። በመጽሐፍ ያቀዱትን በሥራ ለመፈተን ግን ሁለት ዓመት ገደማ ብቻ አገኙ። በ1911 ዓ.ም.፣ ገና በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ሳሉ፣ አረፉ።

«መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በአዲስ አበባ የታተመው በ1916 ዓ.ም. ነው፤ ደራሲው ካረፉ አምስት ዓመት ሆኖአቸው ነበር። የእንግሊዝኛው ትርጉም ደግሞ ለንባብ የበቃው ባቲ መጠለያ ከሆነች ከዐሥር ዓመት ገደማ በኋላ ነው።