ራስ እምሩ ጎጀብ ወንዝ ላይ



የአቃቂና የቃሊቲ ልጆች የድሮውን የባቡር ሐዲድ ታውቁታላችሁ። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ንጉሡን ይዞ ወደ ጅቡቲ የወረደው ባቡር ያለፈው በዚሁ መስመር ነው። ንጉሡ ሲወጡ እንደራሴ አድርገው የተዉት ዘመዳቸውንና አብሮ አደጋቸውን ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴን ነበር። ስለ አሸናፊዎች ብዙ ጊዜ አውርተናል፤ ዛሬ ስለ አንድ የተሸነፈ አዛዥ ላጫውታችሁ።

ራስ እምሩ በሰሜን ግንባር ሠራዊታቸው ላይ የመርዝ ጋዝ ሲወርድ ያዩ ሰው ናቸው። ከሽሬ ሽንፈት በኋላ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ጎሬ አቀኑ። እዚያ አካባቢ የጥቁር አንበሳ ማኅበር አርበኞች መሪያችን ይሁኑ አሏቸው። ከመካከላቸው ከሆለታ ጦር ትምህርት ቤት የወጡ፣ በእናንተ ዕድሜ የነበሩ ወጣቶች ነበሩ። መተዳደሪያ ደንብም ጽፈው ነበር፦ ገበሬውን እንዳይበድሉ፣ ምርኮኛንም በሰብዓዊነት እንዲይዙ። አስቡት፤ መርዝ ከሰማይ ለሚያዘንብ ጠላት!

ታኅሣሥ 1929 ጎጀብ ወንዝ ዳር ተከበቡ። ራስ እምሩ መዋጋት ይችሉ ነበር፤ ስማቸውም በጀግና ሞት ይጠራ ነበር። ግን ከጎናቸው የደከመ ሕዝብ አለ። ወታደር በአዛዥ እጅ ያለ አማና ነው። የሰዎቻቸው ነፍስ እንዲተርፍ ተደራድረው እጃቸውን ሰጡ።

ከዚያ መለያየት ሆነ። እርሳቸው ባሕር ተሻግረው ፖንዛ በምትባል የጣሊያን ደሴት ታሰሩ፤ ተከታዮቻቸው እዚሁ ቀሩ። ሁለት ወር እንዳለፈ፣ የካቲት 12፣ ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ተጣለ። በተከተለው ጭፍጨፋ እጃቸውን ከሰጡት የጥቁር አንበሳ ሰዎች አብዛኞቹ ተገደሉ። ምርኮኛ አይበደል ብለው የጻፉት ወጣቶች እኮ ናቸው!

ታዲያ ራስ እምሩ ተሳስተው ነበር ትሉኝ ይሆናል። እኔ አይመስለኝም። ቃሉን ያፈረሰው ሌላ ነው። (የዱንያ ነገር ሆኖ፣ በ1935 ክረምት ሙሶሊኒ ከሥልጣን ሲወርድ ታስሮ የተወሰደው ወደዚያችው ፖንዛ ነው።)

ራስ እምሩ ከነጻነት በኋላ አገራቸው ገቡ፤ በአሜሪካና በህንድ አምባሳደር ሆኑ። መሳፍንቱ ርስት ላይ ርስት ሲጨምሩ እርሳቸው መሬታቸውን ለሚያርሱት ገበሬዎች አከፋፈሉ። በዚህም ቀዩ ራስ ተባሉ። ገበሬው አይበደል የሚለው የነዚያ ልጆች ደንብ ትዝ እያላቸው ይሆን እላለሁ። ነሐሴ 1972 አረፉ።