ቦብ ማርሌን የገደለው በእግር ጣቱ ጥፍር ሥር የነበረ ጥቁር ነጥብ

ቦብ ማርሌ በምን ሞተ ብለን ብንጠይቃችሁ፣ አንዳንዶቻችሁ ኳስ ሲጫወት ጣቱን ተመትቶ ትላላችሁ። ሌሎቻችሁ ደግሞ በስጦታ በተሰጠው ጫማ ተመርዞ ነው የሚለውን የሶሻል ሚዲያ ወሬ ታነሳላችሁ። እውነቱ ሜላኖማ የሚባል የቆዳ ካንሰር ነው። አዎ፣ የቆዳ ካንሰር! የፈረንጅ በሽታ ነው ብለን የምንተወው ማለት ነው። እስቲ ታሪኩን ከመጀመሪያው እናውጋችሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሮበርት ኔስታ ማርሌ ፌብሯሪ 6 ቀን 1945 በጃማይካ፣ ናይን ማይል በምትባል የገጠር መንደር ተወለደ። እናቱ ሴዴላ ገና 18 ዓመቷ ነበር። አባቱ በዕድሜ የገፋ ነጭ ጃማይካዊ ሲሆን ልጁን አላሳደገውም። ቦብ ልጅ እያለ ከእናቱ ጋር ወደ ኪንግስተን መጥቶ ትሬንች ታውን በተባለው የድሆች ሰፈር አደገ። በ1963 ከፒተር ቶሽና ከቡኒ ዌይለር ጋር ሆነው ዌይለርስን መሠረቱ። ከዚያ በኋላ ሁለት ነገር ከእጁም ከእግሩም አልጠፋም፤ ጊታርና ኳስ።

በዲሴምበር 1976 ታጣቂዎች ቤቱ ድረስ ገብተው ተኮሱበት። እሱ ደረቱና ክንዱ ላይ ቆሰለ፣ ባለቤቱ ሪታም ተመታች። ከሁለት ቀን በኋላ ግን ቁስሉን ይዞ መድረክ ላይ ወጣ። ጥይት ያልገደለውን ሰው ምን ገደለው ካላችሁ፣ ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

በ1977 ኤክሶደስ የተባለው አልበሙ ወጣ። በዚያው ዓመት በአውሮፓ ጉዞው ላይ ኳስ ሲጫወት የእግሩ አውራ ጣት ተጎዳ። ቁስሉ ግን አልድን አለ። ሐኪሞች ሲመረምሩት ከጥፍሩ ሥር ሜላኖማ አገኙ። እዚህ ላይ ልብ በሉ! ካንሰሩን ያመጣው ምቱ ነው የሚል ማስረጃ የለም። ምቱ ያደረገው ነገር ቢኖር ሰው ሁሉ ጣቱን እንደ ተራ የኳስ ጉዳት እንዲያየው ነው።

ለመሆኑ ሜላኖማ እንዴት ይነሳል? ለቆዳችን ቀለም የሚሰጡ ሕዋሶች አሉ። እነዚህ ሕዋሶች ልክ እንደ መኪና ፍሬን አላቸው። ፍሬኖቹ ዕጢን የሚከላከሉ ጂኖች ናቸው፤ ሥራቸው ሕዋሱ ያለ ልክ ሲባዛ በቃ ቁም ማለት ነው። ከነሱ አንዱ ፒ16 የሚባለውን ፕሮቲን የሚሠራው ጂን ነው፣ ሌላው ፒቴን ነው።

ፍሬን በሁለት መንገድ ይጠፋል። አንደኛው ጂኑ ራሱ ሲበላሽ ወይም ተቆርጦ ሲወጣ ነው። ሁለተኛው ግን የሚገርም ነው። ጂኑ ምንም ሳይሆን በቦታው አለ፣ ግን ዝም ይላል። ስልካችሁን አስቡት። አላርም ሞልታችኋል፣ ባትሪም አለው፣ ግን ሳይለንት ላይ ነው። ሰዓቱ ሲደርስ ማንም አይነቃም። በሕዋስ ውስጥም እንደዚሁ ሜቲል የሚባሉ ጥቃቅን ኬሚካሎች ጂኑ መነበብ የሚጀምርበት ቦታ ላይ ይለጠፋሉ። ዲኤንኤውም እንደ ፈትል በእንዝርት ላይ ጥብቅ ብሎ ይጠቀለላል፣ የሚያነበው አካል መግባት ያቅተዋል። ሕዋሱ ሲባዛ ደግሞ ይህን ዝምታ ለልጆቹ ያወርሳል። ሳይንቲስቶች ይህን ኤፒጄኔቲክ ይሉታል። በሜላኖማ በዚህ መንገድ ዝም ከሚሉት ጂኖች አንዱ ራስኤፍ1ኤ የሚባለው ነው።

የቦብ ዓይነቱ ሜላኖማ ጥፍር ሥር፣ መዳፍና የውስጥ እግር ላይ ይወጣል። ፀሐይ ብዙም የማያገኘው ቦታ ስለሆነ ዋናው ጥፋተኛ ፀሐይ አይደለችም። ለዚህም ነው ጥቁር ቆዳ የማይከላከለው። እኛን መሰል ጥቁር ቆዳ ያላቸውን ሰዎች ሜላኖማ ሲይዛቸው በአብዛኛው የሚጀምረው ከእግር ነው።

ወደ ቦብ እንመለስ። ሐኪሞች ጣቱ እንዲቆረጥ መከሩት። እሱ እምቢ አለ። በራስ ተፈሪያን እምነት አካልን መቁረጥ ነውር ነው፤ ደግሞም ኳሱና የመድረክ ጭፈራው ያሳስበው ነበር። በምትኩ ማያሚ ውስጥ የታመመው ክፍል ብቻ ተነሥቶለት ከሌላ ቦታ በተወሰደ ቆዳ ተሸፈነ። ድኗል ተባለ።

ቀጥሎ የመጡት ሦስት ዓመታት የዝናው ጫፍ ናቸው። በኤፕሪል 1978 ኪንግስተን ውስጥ የጠላትነት ፖለቲካ የያዙትን ማይክል ማንሊንና ኤድዋርድ ሲጋን መድረክ ላይ ጠርቶ እጅ ለእጅ አያያዛቸው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ገደማ ወደ አገራችን መጥቶ ሻሸመኔን ጎበኘ። በኤፕሪል 1980 የዚምባብዌ ነጻነት ሲታወጅ እዚያው ተገኝቶ ዘፈነ። ያ ሁሉ ሲሆን ፍሬን ያጡት ሕዋሶች በሰውነቱ ውስጥ በጸጥታ እየተጓዙ ነበር።

ሴፕቴምበር 21 ቀን 1980 ኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ ሲሮጥ ወደቀ። ካንሰሩ አንጎሉ ድረስ ደርሶ ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ ፒትስበርግ ላይ የመጨረሻ ኮንሰርቱን አቀረበ። በኖቬምበር በአቡነ ይስሐቅ እጅ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ተጠመቀ፤ ብርሃነ ሥላሴም ተባለ። ጀርመን ሄዶ ለወራት ታከመ፣ አልሆነም። ወደ አገሩ ሲመለስ ማያሚ ላይ ሜይ 11 ቀን 1981 ዐረፈ። ገና 36 ዓመቱ ነበር። ቀብሩ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስና በራስ ተፈሪያን ሥርዓት ተፈጽሞ በተወለደባት መንደር ዐረፈ። በ2005 ስድሳኛ ልደቱ የተከበረው እዚሁ መስቀል አደባባይ ላይ ነው።

ጣቱ ቢቆረጥ ይተርፍ ነበር? ማንም ሊምል አይችልም። ሜላኖማ ግን ሳይሰራጭ በጊዜ ተቆርጦ ሲወጣ የመዳን ዕድሉ ከፍተኛ ነው። በሱ ዘመን ከተሰራጨ በኋላ የሚረባ መድኃኒት አልነበረም። ዛሬ የሰውነትን መከላከያ የሚያነቁ መድኃኒቶች አሉ። ዝም ያለን ጂን መልሰው የሚያነቁ መድኃኒቶችም ለአንዳንድ የደም በሽታዎች ተፈቅደዋል፣ ለሜላኖማ ግን ገና በምርምር ላይ ናቸው። ተስፋው ያለው እዚህ ላይ ነው፤ የተቆረጠ ጂን አይመለስም፣ ሳይለንት ላይ ያለ ግን ሊነቃ ይችላል።

ቤተሰቦቻችን፣ ዛሬ ማታ ጫማችሁን ስታወልቁ እግራችሁን እዩ፤ የእናት አባታችሁንም እዩላቸው። በብዙ ጥፍሮች ላይ ያሉ ጥቁር መስመሮች ለጥቁር ሰው የተለመዱ ናቸው፣ አትደንግጡ። ነገር ግን በአንድ ጥፍር ብቻ አዲስ መስመር ወጥቶ እየሰፋ ከሄደ፣ ጥቁረቱ ወደ ቆዳው ካለፈ፣ ወይም የውስጥ እግራችሁ ላይ የሚያድግ ነጥብ ወይ አልድን ያለ ቁስል ካለ፣ ኳስ ነው ጫማ ነው ሳትሉ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂዱ። ለምትወዱት ሰው ሼር አድርጉለት።