የፌሊክስ ዴሬል የሕይወት ታሪክ

ፌሊክስ ዴሬል በ1873 ዓ.ም. በፓሪስ ተወለደ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) ስለ ጥቃቅን ተሐዋስያን ያለውን ዕውቀት ያገኘው በገዛ ጥረቱ ነው። በጓቴማላና በሜክሲኮ ከሠራ በኋላ ፓሪስ ወደሚገኘው የፓስተር ኢንስቲቱት ገባ።

በ1915 ዓ.ም. ጦርነቱ ሳለ በፓሪስ አቅራቢያ በሰፈሩት ፈረሰኞች ላይ የደም ተቅማጥ ወደቀባቸው። ዴሬል የአንዱን በሽተኛ ዓይነ ምድር ባክቴሪያ በማያሳልፍ የሸክላ ማጣሪያ አጠለለና ያለፈውን ፈሳሽ ከተቅማጡ ባክቴሪያ ጋር ቀላቀለው። ይህን በየቀኑ ሲደጋግም አንድ ቀን ጧት ደፍርሶ የነበረው ጠርቶ አገኘው፤ በሽተኛውም በዚያው ሌሊት ተሽሎት ነበር። ባክቴሪያውን የበላውን ነገር በ1917 ዓ.ም. ባክቴሪዮፋዥ ብሎ ሰየመው፤ ትርጕሙም ባክቴሪያ በሊታ ማለት ነው። እርግጥ እንግሊዛዊው ትዎርት ይህን መሳይ ነገር ቀደም ብሎ አይቷል፤ ዕድሜውን ሁሉ የሰጠበት ግን ዴሬል ነው።

በ1919 ዓ.ም. በፈረንሳይ ገጠር ዶሮ የሚፈጅ በሽታ ሲገባ ፋዡን በኵሳቸው ውስጥ አገኘው። በሽታው ከዶሮ ወደ ዶሮ ሲሄድ ፋዡም ይከተለዋል፤ ስለዚህ መዳንም እንደ መታመም ይተላለፋል ብሎ አመነ። በኋላም በሕንድ አገር ኮሌራን ለመግታት ፋዥ በመንደር የውሃ ጕድጓድ እንዲጨመር አደረገ። በእኔ አስተያየት በአሳቡ ከልክ በላይ ተማምኗል፤ ሰውነት ራሱ በሽታን የሚከላከልበትን ኀይል አሳንሶ ገምቷልና።

አብሮ መጓዙ ግን እውነት ነው። ፋዥ እንደ ብዙዎቹ ባክቴሪያዎች የሚዋኝበት ጅራፍ የለውም፤ ብቻውን ሲንሳፈፍ ሩቅ አይደርስም። ባክቴሪያው ግን ምግብ ፍለጋ ይዋኛል። ፋዡ ተጣብቆ ዘሩን ወደ ውስጥ ቢሰድበትም ወዲያው አይሞትም፤ ገዳዩን አዝሎ እንደሚሸሽ መንገደኛ ጥቂት ተጕዞ ይፈነዳል፣ በደረሰበትም አያሌ አዳዲስ ፋዦች ይበተናሉ። በዘመናችን ተመራማሪዎች በላላ አጋር ውስጥ ሲሞክሩት፣ ባክቴሪያዎቹ ከመካከል ወደ ዳር እየዋኙ ሲሰፉ ፋዡም አብሮአቸው ሲሰፋ አይተዋል።

ታላቁ ሊቅ ቦርዴ ፋዥ ሕይወት ያለው ነገር አይደለም ብሎ ለብዙ ዓመታት ተከራከረው። በ1940 ዓ.ም. ገደማ ግን ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ፋዡን ለዓይን አሳየ። ከዚያ ቀደም ዴሬል በጆርጂያ አገር ከወዳጁ ከኤሊያቫ ጋር በትብሊሲ ሠርቶ ነበር፤ ኤሊያቫ በ1937 ዓ.ም. በስታሊን መንግሥት ተገደለ። ዴሬልም ወደዚያ ሳይመለስ በ1949 ዓ.ም. በፓሪስ ዐረፈ። በትብሊሲ ያለው ኢንስቲቱት ዛሬም በፋዥ ያክማል።