የመጨረሻ በረራውን ወደ ዳባት ያደረገው ጣሊያናዊ አብራሪ

ኢልዴብራንዶ ማላቮልቲ የፋሺስት ጣሊያን አየር ኃይል ጎንደር ላይ ከቀሩት ጥቂት አብራሪዎች አንዱ ነበር። ይኸው አየር ኃይል በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. በተከዜ ወንዝ ዳር የራስ እምሩን ሠራዊት በመርዝ ጋዝ ሲያጠቃ በሰማዩ ላይ የሚገዳደረው አልነበረም። በጥቅምት 1934 ዓ.ም. ግን የቀሩት ተዋጊ አውሮፕላኖች ሁለት ብቻ ነበሩ። በደባርቅ አቅራቢያ የሚገኘው የወልቀፊት ምሽግም በመስከረም ወር እጁን ሰጥቶ ነበር።

ማላቮልቲ ጥቅምት 14 ቀን 1934 ዓ.ም. በእንግሊዝ ወገን እጅ የነበሩትን የዳባትና የአዲ አርቃይ አውሮፕላን ማረፊያዎች ለማጥቃት ተነሣ። የደቡብ አፍሪካ አውሮፕላኖች ገጠሙት። ከአብራሪዎቹ አንዱ ላንሴሎት ሆፕ በአምባዞ አቅራቢያ መትቶ ጣለው። በማግስቱም አስከሬኑ በአውሮፕላኑ ስብርባሪ ውስጥ ተገኘ።

ደቡብ አፍሪካውያኑ በአምባዞ የጣሊያን ይዞታ ላይ የሟቹን ጀግንነት የሚመሰክር መልእክት ከአየር ጣሉ። አገሩም ከሞተ በኋላ የወርቅ ሜዳይ ሸለመችው። ውጊያው አውሮፕላን ተመትቶ የወደቀበት የምሥራቅ አፍሪካ ዘመቻ የመጨረሻው የአየር ላይ ፍልሚያ ሆኖ ይታወሳል። ጎንደርም ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ከወራሪው እጅ ወጣች።